ጫማችንን ካወለቅን በኋላ

ልጆች ከባድ ጥያቄ የሚያመጡት እኛ ባልተዘጋጀንበት ሰዓት ነው። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ከኋላ የተቀመጠችው የሰባት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ቅዱስ ነው ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ኃጢአት የሌለበት ማለት ነዋ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሱማ የማያደርገው ነገር ነው። የሚያደርገውስ ምንድን ነው?» ብላ ደገመችኝ። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። «በኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት።

ቤት ስንደርስ ሌላ ጥያቄ ጠበቀኝ። ቤታችን የምትሠራው ልጅ ምሳ አቅርባ ስትጨርስ፣ ወደ ማድ ቤት እስክገባ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ያ ደሞዜ... ለእናቴ ልልክላት ነበር» አለችኝ። ወሩ ካለቀ 12 ቀን ሆኖት ነበር። ብሩ ጠፍቶ አይደለም። የልጄ ልደት ስለነበር ለኬኩ፣ ለፊኛውና ለፎቶ አንሺው ቅድሚያ ሰጥቼ ነው። «ነገ» አልኳት። ያቺ «ነገ» ሦስተኛዋ ነበረች።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ለልጄ የምሰጣትን መልስ ፍለጋ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከቃሉ እንጀምር። «ቅዱስ» የመጣው «ቀደሰ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ቅዳሴ፣ መቅደስና ቅድስና ከእሱ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። የዕብራይስጡ «ቃዶሽ»ም ዘመዳቸው ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ «የተለየ» ማለት ነው። ይህን በዓይናችን እናየዋለን። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ወደ መቅደሱ የሚገቡትም ካህናትና ዲያቆናት ናቸው። ደጃፉ ላይ ጫማችንን ስናወልቅ ደግሞ፣ በዘጸአት 3 ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት የታዘዘውን እናስታውሳለን።

የመጀመሪያው ትርጉም እንግዲህ ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ከእኛ በጥቂቱ የሚሻል፣ ከእኛ በጥቂቱ የሚበረታ ሰው አይደለም። እርሱ ፈጣሪ ነው፣ እኛ ፍጡራን ነን።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየው ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ነው። ራእዩ የታየው ንጉሥ ዖዝያን በሞተበት ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ740 ገደማ ነው። ዖዝያን በኢየሩሳሌም 52 ዓመት ነግሦ፣ ግንብ ያስገነባ፣ ሠራዊት ያደራጀ ብርቱ ንጉሥ ነበር። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየ። ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን የዕጣን አገልግሎት ራሱ ሊፈጽም ጥና ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ፤ እዚያው ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። እስኪሞት ድረስም ተለይቶ በሌላ ቤት ኖረ። ታሪኩ በ2ኛ ዜና መዋዕል 26 ተጽፏል።

የምድሩ ዙፋን ባለቤቱን ባጣበት በዚያ ዓመት ነው ኢሳይያስ የማይለቀቀውን ዙፋን ያየው። በዙሪያው የቆሙት ሱራፌል እያንዳንዳቸው ስድስት ክንፍ አላቸው። በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ ይበራሉ፤ «ቅዱስ» የሚለውንም ቃል ሦስት ጊዜ ይደጋግማሉ። በዕብራይስጥ አንድን ቃል መደጋገም ነገሩን ማጉላት ነው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሱራፌል ኃጢአት የለባቸውም። ሆኖም በእግዚአብሔር ፊት ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ስለዚህ ቅድስና ኃጢአት አለመሥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነርሱ መሸፋፈን ባላስፈለጋቸው ነበር። ለልጄ የሰጠኋት መልስ ጎደሎ ነበር ማለት ነው።

ኢሳይያስ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የታወቀው የራሱ ከንፈር መርከስ ነው። የሚሰብክበት ከንፈሩ! ጠፋሁ ብሎ ሲጮህ ግን አልተባረረም። ከሱራፌል አንዱ ከመሠዊያው ፍም ይዞ መጥቶ ከንፈሩን ነካው። ፍሙ አነጻው እንጂ አላጠፋውም። ቅዱሱ አምላክ እንግዲህ የተለየ ቢሆንም የራቀ አይደለም።

«የሚያደርገውስ?» ለሚለው የልጄ ጥያቄ ደግሞ ወደ ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ሄድኩ። ምዕራፉ የሚጀምረው እግዚአብሔር ቅዱስ ስለሆነ ሕዝቡም ቅዱሳን እንዲሆኑ በማዘዝ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሰንበትና ስለ መሥዋዕት ይናገራል። ግን በዚያ አያበቃም። እናትና አባታችሁን አክብሩ ይላል። ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተዉ ይላል። መስማት የተሳነውን አትስደቡ፣ በዓይነ ስውሩ ፊት ዕንቅፋት አታኑሩ፣ በሸበተው ፊት ተነሡ፣ ሚዛናችሁ እውነተኛ ይሁን ይላል። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ የሚለው ትእዛዝም ያለው እዚሁ ነው።

ቁጥር 13 ላይ ስደርስ ዓይኔ ቆመ። የሠራተኛ ደመወዝ እስኪነጋ ድረስ አሠሪው ዘንድ አይደር ይላል። አንድ ሌሊት እንኳ! እኔ ዘንድ 12 ሌሊት አድሯል። በዘዳግም 24 ደግሞ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ሠራተኛው ድሃ ነው፣ ነፍሱም በዚያች ደመወዝ ላይ ተንጠልጥላለች።

ጠዋት ጫማዬን አውልቄ ስሰግድ የቆየሁት በቅዱስ ቦታ ነበር። ከሰዓት ግን በገዛ ማድ ቤቴ፣ እግዚአብሔር ከቅድስናው ጋር አያይዞ ያዘዘውን ነገር በአንዲት «ነገ» አለፍኩት።

በአዲስ ኪዳንም ነገሩ እንዲሁ ነው። በኦሪቱ ሥርዓት የረከሰ ሲነካ ንጹሑ ይረክሳል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ግን ኢየሱስ ለምጻሙን በእጁ ሲዳስሰው፣ የነጻው ለምጻሙ ነው። ቅድስናው ማንም ሊነካው ወዳልደፈረው ሰው ሄደ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር። ተነሥቼ ማድ ቤት ስገባ ልጅቷ ገና ዕቃ እያጠበች ነው። ብሩን ሰጠኋትና «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ደንግጣ «ኧረ እትዬ፣ ችግር የለውም» አለች። ችግር እንደነበረው ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን የምጽፈው ደግ ነኝ ለማለት አይደለም። የሰጠኋት ዕዳዬን ነው። የሠራችበትን ከፍሎ ራስን እንደ መጽዋች መቁጠር ሌላ ጥፋት ነው።

ለልጄ በነጋታው የነገርኳት ይህን ነው፤ «እግዚአብሔር ቅዱስ ነው ማለት እንደ እርሱ ያለ ማንም የለም ማለት ነው። እኛ ሰው እንረሳለን፣ እናዳላለን፤ እርሱ ግን ማንንም አይረሳም። የእርሱ ነን ካልን ደግሞ እንደ እርሱ እንድናደርግ ይፈልጋል።» ከዚያም የልደቷን ድግስና የደሞዙን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሷስ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው መቼ ነው?» አለችኝ።

ወላጆች፣ ይህ ጥያቄ ለእናንተም ይድረስ። እኛ ነጠላችንን ለብሰን ወይም መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን ስንወጣ ቤት የሚቀረው ማን ነው? የዘበኛችን፣ የሠራተኛችን፣ ልብስ የምታጥብልን እናት ሒሳብ የሚከፈለው በስንተኛው ቀን ነው? ልጆቻችን የቤት ሠራተኛዋን በምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚጠሩት? እነዚህን በአንድ የእራት ሰዓት ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። የደሞዙን ቀን ከትምህርት ቤት ክፍያው ጎን ቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉት። ካጠፋችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ እየሰሙ ይቅርታ ጠይቁ።

እኛ ቤት እሑድ ጠዋት ልጅቷም ትወጣለች። ምሳችን ቅዳሜ የተሠራ ወጥ ነው፤ የሚያሞቀው ባለቤቴ ነው። አንዳንዴ ያሳርረዋል።