የእንጦጦ ሕመምተኞች ያልሰሙት ኑዛዜ

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ጎህ ሳይቀድ ሰው ይበዛበታል። ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በራሱ እግር የሚወጣ አለ፤ እናቱ ወይም ወንድሙ ደግፈውት በየመታጠፊያው እያረፈ የሚወጣም አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ግድም ከፍታ ያለው የዚህ ተራራ የንጋት ብርድ ለጤነኛም ይከብዳል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። የታሪክ መጻሕፍት ቦታውን በዚህ ያስታውሱታል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ለተገኘ በሺዎች ለሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ግን እንጦጦ ማለት ጸበል ነበር።

ወደዚያ መሄዳቸው የሚያስነቅፍ አልነበረም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ዋጋው ከአብዛኛው ሰው አቅም በላይ ነበር፤ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ውጤቱን ሰምቶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ቤተሰቡ ሳህንና ብርጭቆ ለይቶለታል፣ አከራዩ ቤቱን እንዲለቅ ነግሮታል፣ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ሰበብ አሰናብቶታል። በእንጦጦ ማርያምና በአካባቢው ባሉት ጸበሎች ግን ማንም መታወቂያ ወይም የምርመራ ወረቀት አልጠየቀውም። በየጭቃ ቤቱ አንዲት መደብ ተከራይቶ፣ ከመሰሎቹ ጋር ቆሎ ቆርጥሞ፣ ማለዳ ተጠምቆ ውሏል። አገር ፊቱን ሲያዞርበት ቤተ ክርስቲያን በሯን አልዘጋችበትም። ስለ ስሕተት የሚናገር ሰው ይህን ውለታ አስቀድሞ ሊመሰክር ይገባል።

ስሕተቱ የመጣው መድኃኒቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በእንጦጦም ሆነ በሌሎች የጸበል ቦታዎች አንዳንድ አጥማቂዎችና አገልጋዮች ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም ብለው አስተማሩ። እንክብሉን የሚውጥ ሰው እምነቱ ጎዶሎ ነው ተባለ። ከሐኪም ቤት የተሰጠውን የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት የጣለ ነበር፤ እንዳይታይበት በጨርቅ ጠቅልሎ ደብቆ ሌሊት የሚውጥም ነበር።

የመድኃኒቱን አሠራር ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ። ይህንንም የሚያደርገው በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። ያቋረጠ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ እንዲያውም የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ሕመም ስለሚቀርለት የተሻለው ይመስለዋል። ያን ጊዜ ግን ቫይረሱ እንደገና እየተራባ፣ የመከላከል አቅሙ እየወረደ ነው። እየጣለ እያነሣ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ተሻለኝ ብሎ የመሰከረው ጸበልተኛ ከወራት በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በሌላ ተጓዳኝ በሽታ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ምስክርነቱ በአደባባይ ተሰምቷል፤ የኋላውን አወዳደቁን ግን የሚያየው አስታማሚው ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ኀጢአትህን ተናገር የሚባለው ሕመምተኛው ነበር። ከየት አመጣኸው፣ ከማን ጋር ነበርክ፣ ምን ሠርተህ ነው የሚለው ጥያቄ ከቤቱ ጀምሮ እስከ ጸበሉ ተከትሎታል። ከባሏ የያዛት ሴት፣ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የተወለደ ሕፃን እንኳን ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ሁልጊዜ የሚተረተው ለታመመው ነው። በእነ መቅድምና ተስፋ ጎህ የሕሙማን ማኅበራት ታቅፈው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በአደባባይ የቆሙት ሕሙማን ግን ምንም አልደበቁም። የደበቀው ጤነኛው ነው። ወንድሙን ከመሶቡ ያራቀው፣ ተከራዩን በሌሊት ያስወጣው፣ በእግዚአብሔር ስም መድኃኒት ያስጣለው ሰው ኀጢአትህን ተናገር አልተባለም። ራሱንም አልጠየቀም።

በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድ ኀጢአት እንዳልሆነ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በይፋ ተናገሩ። ንግግሩ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ሳይቀር ተሰማ። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። አጥማቂውን በቀጥታ መሞገት ያልቻለች ምስኪን እናት የፓትርያርኩን ቃል ይዛ ልጇን መድኃኒት ማስዋጥ ቻለች። በየሰበካው በኤች አይ ቪ ላይ የሠለጠኑ ካህናትም ይህንኑ አስተምረዋል።

ቃሉ ግን የሚያቀናው የወደፊቱን ነው። ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ሳይነሣ አለፈ። መድኃኒቱን ጥለው የሞቱ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ያለ እናት ያለ አባት አድገዋል፤ ጣሉ ያላቸውም ሰው ነበር። መመሪያ ሲለወጥ ትናንት በቀደመው ትምህርት የተጎዳው ሰው ምን እንደሚባል መታሰብ ነበረበት። ከአሁን በኋላ እንዲህ አድርጉ ማለት አንድ ነገር ነው፤ እስካሁን እንዲያ ብለን አስተምረን ጎድተናችኋል ማለት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው አስተዳደር ነው። ሁለተኛው ንስሐ ነው።

ንስሐን ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከውጭ የሚያመጣለት የለም። ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ምእመኑ በበደሉ ያዝናል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖናውን በጾም፣ በስግደትና በምጽዋት ይፈጽማል፣ ከዚያም ይፈታል። በስቅለት ዕለት ማምሻውን ሕዝቡ በካህኑ ፊት ቀርቦ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ተጠብጥቦ የስግደት ቁጥር ይቀበላል፤ በዚያ ሰልፍ ሀብታምና ድሃ አይለይም። ንጉሥ ዳዊት ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው በደሉን ያመነበት ኀምሳኛው መዝሙር በየቀኑ ጸሎት ይደገማል። የአንድ ገዥ ጥፋት በሕዝብ ፊት ሲነበብ ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የዳዊትን ክብር አልቀነሰበትም።

ከዚህም የበለጠ ምሳሌ አለ። ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የሚጾመው ጾመ ነነዌ የአንድ ግለሰብ ንስሐ አይደለም። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ከተማው ሁሉ ማቅ የለበሰበት፣ ሕፃናትና እንስሳት ሳይቀሩ የጾሙበት የማኅበር ንስሐ ነው። ቤተ ክርስቲያን ማኅበር እንደሚበድልና ማኅበር ንስሐ እንደሚገባ በየዓመቱ ለሦስት ቀን ታስተምራለች ማለት ነው።

በኑሮ ግን ንስሐ ጠቧል። የሚናዘዘው ሰው የጾም መግደፉን፣ የአፉን ክፋት፣ የሥጋውን ድካም ይናገራል፤ ይህ አስፈላጊ ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ጎረቤቱ የተናገረውን፣ በአከራይነቱ የሠራውን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ቆሞ ያስተማረውን ስሕተት ግን ከኀጢአት ቆጥሮ አያቀርበውም። የንስሐ አባቱም ብዙ ጊዜ አይጠይቀውም። በሕዝብ ፊት የተሠራ በደል በጓዳ ተናዝዞ የሚያልቅ ከሆነ የተበደለው ሰው በደሉ መታመኑን ሳይሰማ ይቀራል።

ፕሮቴስታንቱም ከዚህ ተጠያቂነት ውጭ አይደለም። በአንዳንድ የፈውስ መድረኮች ተፈውሳችኋል ተብለው የኤች አይ ቪ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች አሉ። መድረክ ላይ የመሰከረው ሲታመም የቀረጸው ካሜራ አልጋው ድረስ አይሄድም። ስለ ሐሰተኛ ነቢያት ብዙ ይሰበካል፤ እነሱን የጋበዘ፣ ያጨበጨበ፣ ገንዘብ የሰበሰበ ጉባኤ ግን እኛም ነበርንበት ሲል የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ጥፋትን ማመን ቤተ ክርስቲያንን ያስደፍራል፣ ለጠላት በር ይከፍታል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ናት፣ የሚበድሉት ሰዎች ናቸው የሚለውም መልስ ከእምነቷ የወጣ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛውን መድኃኒትህን ጣል ያለው ሰው በግል ስሙ አልተናገረውም፤ ቀሚስ ለብሶ፣ መስቀል ይዞ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞ ነው የተናገረው። ሥልጣኑ ከእሷ ከሆነ ይቅርታውም በእሷ በኩል መምጣት አለበት።

ይህ የማይቻል እንዳልሆነ የቅርብ ዘመን ይመሰክራል። ከ20 ዓመት በላይ ተለያይተው የተወጋገዙት የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ውግዘታቸውን አንሥተው ታረቁ፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ያን ቀን የተደሰተው ሕዝብ አባቶቹን የናቀበት ምልክት አልታየም። ያከበራቸው በመታረቃቸው ነው።

ዘግይቶ የመጣ ይቅርታ ምን እንደሚገጥመውም ታይቷል። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተነሥቶ ሁለት ዓመት ቆየ። ቅዱስ ሲኖዶስ ለትግራይ ሕዝብና አባቶች ይቅርታ ጠይቆ በፓትርያርክ አቡነ ማትያስ የሚመራ ልዑክ መቐለ የደረሰው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። የትግራይ አባቶች አልተቀበሉትም። ይቅርታ መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ግን ሰው እያለቀ ሳለ ያልተነገረ ቃል ሰላም ከወረደ በኋላ ሲነገር የሚሰማው ጆሮ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ከውጭ አገርም ምሳሌ አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሆላንድ ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን የዘር መድልዎ ሥርዓቱን አፓርታይድን በመጽሐፍ ቅዱስ ስታጸድቅ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 ሩስተንበርግ ከተማ በተደረገ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የዚያች ቤተ ክርስቲያን የሥነ መለኮት ምሁር ቪሊ ዮንከር ተነሥተው የራሳቸውንና የቤተ ክርስቲያናቸውን በደል በግልጽ አመኑ። የአፓርታይድ ተቃዋሚው ሊቀ ጳጳስ ዴዝመንድ ቱቱ ይቅርታውን ተቀበሉ። አንዳንድ ጥቁር ክርስቲያኖች በቱቱ ፈጣን መልስ ቅር ተሰኝተዋል፤ ይቅርታ የተግባር ካሣ ካልተከተለው ባዶ ነው ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም አንድ ሰው በስም፣ በቦታና በቀን የሚታወቅ ኑዛዜ ስለተናገረ ክርክሩ ከዚያ ወዲያ በደል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ብቻ ሳይወሰን ምን ይደረግ ወደሚለውም ተሻገረ።

ለእንጦጦም ከዚህ የተለየ መንገድ አያስፈልገውም። ከጾመ ነነዌ ቀናት አንዱ፣ መድኃኒታቸውን ጥለው ላረፉት ወገኖች ጸሎተ ፍትሐት የሚደረግበት ቢሆን በቂ ጅምር ነው። በዚያ ቀን ሥልጣን ያለው አባት ቆሞ፣ በዚህ ቦታና በሌሎችም ጸበሎች መድኃኒት አትውሰዱ ተብሎ ተሰብኳል፣ ስሕተት ነበር፣ ይቅር በሉን ይበል። ማንንም በስም ማዋረድ አይጠበቅበትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አጥማቂ ከሀገረ ስብከቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲኖረው፣ መድኃኒት ያስጣለ አጥማቂ ፈቃዱ እንዲነጠቅ፣ በጸበሉ አቅራቢያም የጤና ባለሙያ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቀጥላል። የንስሐ አባቶችም ልጆቻቸውን ሲያናዝዙ በታመመ ሰው ላይ ምን አደረግህ ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ለዚህ አዲስ ቀኖና መደንገግ አያስፈልግም።

የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችም መድረካቸው ላይ ተመሳሳይ ቃል መናገር ይችላሉ፤ የኦርቶዶክሱን መጠበቅ የለባቸውም። አከራዩ፣ የዕድር ዳኛውና ወንድሙን ያራቀው ታላቅ ወንድም ደግሞ ሲኖዶስ ሳይሰበሰብ ይቅርታ ለመጠየቅ ዛሬውኑ የሚሄዱበት ቤት አላቸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንጦጦ መድኃኒታቸውን ጥለው፣ ኋላ መልሰው ጀምረው የተረፉ ሰዎች ዛሬም በአዲስ አበባ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ልጅ አሳድገው ድረዋል፤ አንዳንዶቹ አሁንም በየወሩ ለማርያም ወደ ተራራው ይወጣሉ። ይቅርታውን እነሱ በሕይወት እያሉ፣ በራሳቸው ጆሮ ሊሰሙት ይገባል። የሚቀጥለው ጾመ ነነዌ ደግሞ ቀኑ የታወቀ ነው።