የአየር ጠመንጃ መወልወል የልጅ ሥራ አይደለም



እንደሚታወቀው ሁሉ የመስቀል በዓል በተቃረበ ቁጥር ከመርካቶም ከሌላውም አገር ወገን ወደ ትውልድ ቤቱ ይጎርፋል። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ መናኸሪያው ሰው አይችልም። ለአረፋም እንዲሁ ነው። ታዲያ ሰው በሚበዛበት በዚህ ሰሞን መንገድ ዳር ከሚዘረጉት ጨዋታዎች አንዱ በአየር ጠመንጃ ዒላማ ማስተኮስ ነው። ሳንቃ ላይ ወረቀት ይለጠፋል ወይም የጠርሙስ ቆርኪ ይደረደራል፤ ጎረምሳው ይተኩሳል፤ ባለጠመንጃው ገንዘቡን ይሰበስባል። አንዳንድ ሽማግሎቻችን “ይኸ ነገር ይከልከል” ሲሉ ይሰማሉ። እኔ በበኩሌ ይከልከል አልልም። ሥራ ያጣ ወጣት ሰው ሳይሰርቅ የሚያገኛት የበዓል ገንዘብ ናት። እኔን የሚያሳስበኝ ተኩሱ ሳይሆን ጠመንጃው የሚጸዳበት አኳኋን ነው።

ሲተኮስማ ሁሉም ይጠነቀቃል። ባለጠመንጃው “ከፊት ዞር በሉ!” እያለ ይጮኻል፤ ሕፃናት ይባረራሉ። የሚወለወልበት ሰዓት ሲደርስ ግን ጠመንጃው እንደ ጀበና የሚለቀለቅ ዕቃ ይመስል ለአንድ ትንሽ ልጅ ይሰጣል። ልጁም ሽቦ ይከትበታል፣ እፍ ይልበታል፣ በመጨረሻም አፈሙዙን ዓይኑ ላይ ደግኖ መጽዳቱን ይመለከታል። ባለፈው መስቀል ሰሞን ይህንኑ የሚያደርግ ልጅ አይቼ “ምን መሆንህ ነው?” ብለው፣ “አየር እኮ ነው ጋሼ!” አለኝ።

ለመሆኑ “አየር ነው” ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ አካባቢ የሚዘወተረው ጠመንጃ ታጥፎ የሚጎርሰው ባለ ሞላ ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ሲታጠፍ ውስጥ ያለው ወፍራም ሞላ ይጨመቃል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ አየሩን ያምቃል፤ የታመቀው አየር ጥይቷን ያስፈነጥራል። ጥይቷ 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ የእርሳስ ፍሬ ናት። ትንሽ ናት፤ ይሁንና በሴኮንድ ከ150 ሜትር በላይ ልትበር ትችላለች። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ሚኒባስ በሴኮንድ የሚሄደው 28 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን ዓይን አይችለውም። ደግሞም የአየር ጠመንጃ ሲጀመርም መጫወቻ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኦስትሪያ ጦር ጂራርዶኒ የሚባለውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆበት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ጠመንጃ በየቀኑ ካልተወለወለ ይበላሻል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ከአባቶቻችን የመጣ ነው፤ ለእነሱም እውነት ነበር። ዐድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ ተሠርቶ የወጣው በጥቁር ባሩድ እንዲተኩስ ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት እየሳበ ብረቱን ቶሎ ያዝገዋል። ያንን ጠመንጃ ተኩሶ ሳይወለውሉ ማሳደር መሣሪያውን መግደል ነበር። የአየር ጠመንጃ ግን ባሩድ የለውም፣ ጥላሸትም የለውም። የሚተወው ትንሽ የእርሳስ ብናኝና የዘይት እድፍ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ይወልወል ማለት አላስፈላጊ ድካም ነው፤ ድካም ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ አፈሙዙን እምብዛም አይበላም። አፈሙዙን የሚበላው የጃንጥላ ሽቦ ነው! በአፈሙዙ ውስጥ ጥይቷን የሚያሽከረክሩ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ሽቦው እነሱን ይቧጭራል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጥይቷ የምትወጣበትን ጫፍ ከንፈሩን መሸረፉ ነው። ጫፉ የተሸረፈ ጠመንጃ ጥይቱን ወደ ጎን ይወረውራል። እንግዲህ ከሳንቃው ጎን የሚቆመው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በዓመት አንድ ጊዜ ግን በደንብ መጽዳት አለበት፤ ጊዜውም አሁን ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ጥግ ላይ ቆሞ የከረመ ብረት መስከረም ሲጠባ ዝገት ይዞ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ዒላማ መሳት ሲያበዛ ብቻ ማጽዳት ይበቃል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ “ባዶ ነው” የሚባለውን ቃል ማንም ሰው አይመን፤ ባለቤቱ ራሱም ቢሆን። አፈሙዙ ወደ አፈር እንደዞረ፣ እጅ ከምላጩ ርቆ፣ ጠመንጃው በጥቂቱ ይታጠፍ። በጥቂቱ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እስከ መጨረሻው ከታጠፈ ሞላው ይወጠራል፤ በዚያን ጊዜ ምላጩ ቢነካ አፈሙዙ እንደ ወጥመድ ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ ጣትም ይሰብራል። ምናልባት ሞላው ተወጥሮ ከተገኘ ጥይት አጉርሶ፣ ሰው በሌለበት፣ ወደ አፈር ክምር መተኮስና ከዚያ በኋላ እንደገና መጀመር ነው። ያለ ጥይት ባዶውን መተኮስ ፒስተኑን ስለሚጎዳው ደግ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጠንካራ የናይለን ክር ይወሰዳል፤ ዓሣ የሚጠመድበት ዓይነት ጥሩ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ ይታሰርና ጥይት በሚጎርስበት በኩል አስገብቶ በአፈሙዙ ጫፍ በኩል መሳብ ነው። ጨርቁ እስኪነጣ ድረስ እየለወጡ መደጋገም ነው። ውስጡን ማየት ካስፈለገም ጠመንጃው እንደታጠፈ በሚጎርስበት በኩል ይታይ፤ ከጫፉ ፊት ነጭ ወረቀት ቢያዝ ብርሃኑ ሁሉን ያሳያል። በአፈሙዙ ጫፍ በኩል ማየት ለማንም፣ መቼም፣ አይፈቀድ።

ስለ ዘይት ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። “ይለስልስ” ብለው ላምባ፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ የሚያንጠባጥቡ አሉ። የከተማችንን መካኒኮች ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፦ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ ራሱ ይግላል፣ ናፍጣውንም ያቀጣጥለዋል። ጠመንጃው ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ዘይቱ በታመቀው አየር ይቀጣጠልና ጠመንጃው እንደ እውነተኛ ጥይት ይጮኻል፣ ያጨሳል፤ ጥይቷም ከልኳ በላይ ትፈጥናለች። ጎረምሶቹ ድምፁን ይወዱታል። ነገር ግን የፒስተኑ ጎማ ይቃጠላል፣ ሞላውም ሊሰበር ይችላል። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ላይ አድርጎ አፈሙዙን መሳብ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። የውጩ ብረት በዘይት ጨርቅ ቢታሸት አይጎዳም።

የእርሳሱ ነገር ደግሞ የማይታይ ስለሆነ ማንም አያነሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በደም ውስጥ ቢገኝ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። የእኛ ልጆች ግን ጥይቱን እንደ ሽምብራ በከንፈራቸው ይይዛሉ፤ ጠመንጃውን ወልውለው በዚያው እጅ ቆጮ ይቆርሳሉ። ውሃ ብቻ አይበቃም፤ በሳሙና መታጠብ አለባቸው። የተወለወለበትም ጨርቅ እንደ ቤት ጥራጊ ጓሮ እንሰት ሥር አይጣል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ልጅ ከማይደርስበት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይግባ። እናቶች በዚህ በኩል ቆጣ ብትሉ ደስ ይለኛል።

“በአንድ መጫወቻ ይኸን ሁሉ ጣጣ!” የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲህ ለአንዲት የዒላማ ተኩስ ልጅ ዓይኑን ቢያጣ ባለጠመንጃው በምን ይክሳል? ዕድራችን ለለቅሶ ይደርሳል እንጂ ዓይን አይመልስም።

ስለዚህም ለማኅበራችን ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በሰፈራችን ዒላማ ማስተኮስ የሚፈልግ ሁሉ ጠመንጃውን ራሱ፣ በቤቱ፣ ልጅ ሳያስጠጋ ያጽዳ፤ መንገድ ላይ መወልወልም ይቅር። ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃዎቹ ሳይጎርሱ በጨርቅ ተጠቅልለው ወደ ማኅበሩ ግቢ ይምጡ። መሣሪያ የሚያውቁ ጡረተኛ ወታደሮች በሰፈራችን ስላሉ የአፈሙዙን ጫፍ ያዩልናል፤ የተሸረፈው ይመለስ። የመተኮሻው ሳንቃ ከኋላው የአፈር ክምር ይኑረው፤ መንገድ ባለበት በኩልም አይተከል። ኮሚቴው ከተስማማ ክሩንና ጨርቁን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ሳሙናውን ግን ሌላ ሰው ያምጣ።

ከሰፈሩ ነዋሪ አንዱ