ያልተስማማንበትን መሣሪያው ይወስንልናል፦ ታብ፣ ስፔስ እና የጋራ ኮድ

የፕሮግራም ጸሐፊዎች ለበርካታ ዓመታት ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ እጅግ ጥቃቅን የሚመስል ነው። የኮድ መስመርን ከግራው ጠርዝ ገባ ለማድረግ፣ ማለትም ለኢንደንቴሽን፣ የታብ ቁልፍን እንጫን ወይስ ስፔስ እንደርድር? ብዙ ተማሪዎች ጥያቄውን እንደ ቀልድ ያዩታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢመረጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሳይመረጥ መቅረቱ ግን የጋራ ሥራን ያበላሻል። ሰዎች ያልተስማሙበትን ነገር መሣሪያው በራሱ መንገድ ይወስነዋልና።

ታብ አንድ ፊደል ነው፤ በስክሪን ላይ የሚይዘውን ስፋት የሚወስነው ግን የአንባቢው ኤዲተር ነው። አንዱ ጋ አራት፣ ሌላው ጋ ስምንት ፊደል ያህል ሊሰፋ ይችላል። ስፔስ ግን በየትም ቦታ ያው አንድ ስፔስ ነው። የታብ ደጋፊዎች እያንዳንዱ አንባቢ ለዓይኑ የሚመቸውን ስፋት እንዲመርጥ ያስችላል ይላሉ፤ ይህም ፊደልን እጅግ አጉልተው ለሚያነቡና በብሬይል መሣሪያ ለሚሠሩ ሰዎች ትልቅ ቁም ነገር ነው። የስፔስ ደጋፊዎች ደግሞ ኮዱ በሁሉም ስክሪን ላይ ጸሐፊው ባየው መልክ መታየቱን ይመርጣሉ። ሁለቱም ክርክሮች ሚዛን የሚደፉ ናቸው። አደጋው የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ሲደባለቁ ነው።

ፓይተን የተባለው ቋንቋ የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንደሚውል የሚያውቀው ከጠርዙ በገባበት መጠን ነው። የቀድሞው ፓይተን 2 ታብን እስከ ስምንተኛው ፊደል እንደሚደርስ አድርጎ ይቆጥር ነበር። የተማሪዎችን ውጤት የሚደምር ፕሮግራም እናስብ። መደመሪያው መስመር በአንድ ታብ ቢጻፍና ሌሎቹ በስፔስ ቢጻፉ፣ ታብን በአራት ስፋት በሚያሳይ ኤዲተር ላይ መስመሩ ከቅድመ ሁኔታው ውጭ መስሎ ይታያል፤ ማሽኑ ግን ከቅድመ ሁኔታው ሥር አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የዚህን ጊዜ ፕሮግራሙ ስሕተት ሳያሳውቅ የተሳሳተ ድምር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 እንዲህ ያለውን አሻሚ ቅይጥ አልቀበልም ብሎ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

በሌሎች ቋንቋዎች ጉዳቱ ከስሌቱ ይልቅ በመዝገቡ ላይ ይደርሳል። ጊት እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የለወጠው ማን እንደሆነ ያሳያል። ከአምስት የቡድን አባላት የአንዱ ኤዲተር ፋይሉን ሲያስቀምጥ ታቡን ሁሉ ወደ ስፔስ ቢለውጥ፣ አንድ የሐሳብ መስመር ያልጨመረ ሰው የመስመሮቹ ሁሉ የመጨረሻ ጸሐፊ ሆኖ ይመዘገባል። የግል አስተዋጽኦ ከዚህ መዝገብ በሚመዘንበት የመመረቂያ ፕሮጀክት ይህ የድካም ዋጋን የሚነካ ጉዳይ ነው። ለውጡን የሚመረምረው መምህርም በሺህ የሚቆጠሩ ትርጉም የለሽ ለውጦች መካከል የተሸሸገችውን አንዲት እውነተኛ ለውጥ ለማግኘት ይቸገራል።

በቃላት መካከል ያለ ክፍተት እንዲህ ያለ ችግር ማምጣቱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ወጥቶ በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ ብራናዎችን የሚመለከት ሰው ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ (፡) መሆኑን ያያል። ዛሬ አማርኛን የምንጽፈው ግን ባዶ ቦታ እየተውን ነው። በእኔ እምነት ይህ ለውጥ በምሁራን ጉባኤ ከተወሰነው ይልቅ የጽሕፈት መኪናና የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ያስለመዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለሁለት ነጥብ የራሱን ቁጥር ቢሰጠውም፣ የተመደበው ከባዶ ቦታ ጋር ሳይሆን ከሥርዓተ ነጥብ ጋር ነው። ስለዚህ ጽሑፍን በቃላት የሚከፋፍለው የፓይተን መደበኛ ትእዛዝ «ደብረ ብርሃን»ን ሁለት ቃል፣ «ደብረ፡ብርሃን»ን ግን አንድ ቃል ብሎ ይቆጥራል። በዚህ ላይ አንዳንዱ የላቲኑን ነጥብ ሲጨምርበት፣ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚመራመር ተማሪ ከምርምሩ በፊት የክፍተቱን ዓይነት ሲያጠራ ይውላል። የሁለቱም ችግር ሥር አንድ ነው፤ ስምምነቱ በጽሑፍ አልሰፈረም።

በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የጋራ ሥራዎች የመረጡት አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ አራት ስፔስን ይመክራል። የሊነክስ ከርነል ስምንት ፊደል የሚሰፋ ታብን ያዛል። ጎ የተባለው ቋንቋ ደግሞ ኮዱን በታብ የሚያስተካክል ፕሮግራም ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ በጸሐፊዎቹ መካከል የሚቀር ክርክር የለም። የመረጡት ይለያይ እንጂ ሁሉም ምርጫቸውን በግልጽ አስፍረዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያውን የኮድ መስመር ከመጻፉ በፊት የቋንቋውን ልማድ ይከተል፤ ምርጫውንም ኤዲተርኮንፊግ በተባለው ቀላል ፋይል ውስጥ ከኮዱ ጋር ያስቀምጥ። ፋይሉን ብዙ ኤዲተሮች በቀጥታ ወይም በተጨማሪ መሣሪያ አማካይነት አንብበው ይታዘዙታል። ሁለተኛ፣ የቆየ ኮድን ማስተካከል ካስፈለገ ማስተካከያው ከሌላ ለውጥ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይመዝገብ፤ ጊት ከ2.23 እትም ጀምሮ እንዲህ ያለውን ለውጥ ዘልሎ የቀድሞውን ጸሐፊ ማሳየት ይችላል። ሦስተኛ፣ አማርኛ ጽሑፍ የሚሰበስብ ፕሮጀክት ቃላትን በምን እንደሚለይ በዚያው የፕሮጀክት መመሪያ ውስጥ ይጻፍ።

ለአራት ወር የተማሪዎች ሥራ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ፋይሉን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያዎች የገጹን ኅዳግ፣ የፊደሉን መጠንና በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት በዝርዝር ያዛሉ፤ ይህንንም ከንቱ ድካም ነው የሚል የለም። ከጽሑፉ ጋር ተያይዞ ለሚቀርበው፣ ቀጣዩ ተማሪም ተረክቦ ለሚያሳድገው ኮድ አንዲት አንቀጽ ቢጨመርለት የሚበዛበት አይመስለኝም።