አንድ በር ስንት ቁልፍ ይከፍተዋል?

በአፓርትመንት የሚኖር ሰው በሩን ቆልፎ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም እንደማይገባ ያምናል። ይሁን እንጂ ቧንቧ ጠጋኙ ሲመጣ ተከራዩ ባይኖርም በሩ ይከፈታል። የሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሠራተኛም በአንድ ቁልፍ የአንድ ፎቅ ክፍሎችን በሙሉ ስትከፍት ትውላለች። በሆቴል፣ በፓርኪንግና በሕንፃ ጽዳት ሥራ ላይ ከተሰማሩት ወገኖቻችን መካከል "ማስተር ኪይ" የሚባለውን ይህን ቁልፍ በእጃቸው ያልፈው ብዙዎች ናቸው። ለመሆኑ አንዱ ቁልፍ አንድ በር ብቻ ሲከፍት፣ ሌላው መቶውን በር የሚከፍተው እንዴት ነው?

በበሩ ብረት ውስጥ ምን አለ?

የዘመናዊው የበር ቁልፍ መሠረቱ በጥንት ግብፃውያን ዘንድ ይሠራበት የነበረው የእንጨት መቆለፊያ ነው። ዛሬ በየበሩ የምናየውን መልክ የሰጠው አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ሲሆን፣ አባቱም በዚሁ ሙያ የታወቀ ነበር። ልጁ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ የሚገባበት ክብ ብረት፣ ከውጭ በሚያቅፈው ሌላ ብረት ውስጥ ተቀምጧል። በሁለቱ ብረቶች ውስጥ የሚያልፉ፣ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ ሁለት ትናንሽ ፒኖች፣ ከላያቸውም የሚጫናቸው ሞላ ይገኛል። ቁልፍ ሳይገባ የላይኞቹ ፒኖች የሁለቱን ብረቶች ድንበር አቋርጠው ስለሚቆሙ ክቡ ብረት አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ግን ጥርሶቹ ፒኖቹን በልካቸው ያነሷቸዋል፤ የሁለቱ ፒኖች መጋጠሚያም ከድንበሩ ጋር እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ ይዞራል። አንዱ ፒን እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ በሩ እምቢ ይላል።

ማስተር ቁልፍ የሚሠራው በሁለቱ ፒኖች መካከል ሦስተኛ ቀጭን ቁራጭ በመጨመር ነው። ቁራጩ ሲጨመር መጋጠሚያው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ለተከራዩ ቁልፍ፣ ሌላው ለማስተሩ። የተከራዮቹ ቁልፎች ከበር በር ይለያያሉ፤ የማስተሩ ልክ ግን በሁሉም በሮች ውስጥ አለ። ምስጢሩ ይኸው ነው።

ያልታሰቡት ሠላሳ ቁልፎች

ነገሩ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በአምስቱም ቀዳዳዎች ቁራጭ ቢጨመር፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ከፍታ ይቀበላል። ሁለት አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 32 ይመጣል። የሕንፃው ባለቤት የፈለገው ሁለት ቁልፍ ነው፤ በሩ ግን 32 ዓይነት ቁልፍ ይቀበላል። ሠላሳዎቹ ማንም ያልጠየቃቸው ናቸው።

የጋራው የውጭ በር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ያ በር የተከራዮቹን ሁሉ ቁልፍ መቀበል ስላለበት፣ ቁራጮቹ ይበዛሉ፤ አለዚያም ከቀዳዳዎቹ አንዳንዶቹ ባዶ ይተዋሉ። በትልቅ ሕንፃ ብዙ ሰው የሚተማመንበት የውጭ በር፣ ከቤቶቹ በሮች ሁሉ ደካማው ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ብሌዝ የተባለ፣ በኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ክፍል ይሠራ የነበረ የኮምፒዩተር ደኅንነት ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የአንዲት ክፍል ቁልፍ ያለው ተራ ሰው፣ ያችኑ በር ብቻ እየሞከረ የሕንፃውን ማስተር ቁልፍ ሊያገኝ እንደሚችል አሳየ። አምስት ቀዳዳና አሥር ከፍታ ባለው ቁልፍ 100,000 ዓይነት አቆራረጥ አለ። ነገር ግን በሩ ስለ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው መልስ ስለሚሰጥ፣ 100,000 መሞከር አያስፈልግም፤ ከ50 ያነሰ ሙከራ ይበቃል። በር አይሰበርም፣ ምልክትም አይቀርም። ብዙ ቁልፍ ሠሪዎች ነገሩን ድሮም እናውቀው ነበር በማለት በአደባባይ መውጣቱን ተቃወሙ። በሩን አምኖ የሚተኛው ሰው ግን አያውቅም ነበር።

ለየት ያሉት

ይህን ድክመት የሚያመልጥ አሠራር ከብሌዝ ጽሑፍ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ተሠርቶ ነበር። በኮነቲከት ግዛት በኒው ብሪተን ከተማ የነበረው የኮርቢን ፋብሪካ ይሠራው የነበረው ባለ ቀለበት ቁልፍ ነው። በዚህ ዓይነቱ፣ ክቡን ብረት የሚከብ ሌላ የሚዞር ቀለበት አለ፤ ስለዚህ ድንበሩ ሁለት ነው። የተከራዩ ቁልፍ ፒኖቹን ሁሉ በውስጠኛው ድንበር ያስተካክላል፤ ማስተሩ ደግሞ ሁሉንም በውጭኛው። ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ቢሆን በሩ አይከፈትም። በመሆኑም ያልታሰቡት ሠላሳ ቁልፎች አይኖሩም። ሆኖም አሠራሩ ጥንቃቄ የሚጠይቅና ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ በብዛት አልገፋም።

ሌላው በ1920ዎቹ ከሲያትል የተነሳው የፍራንክ ቤስት ፈጠራ ነው። የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው የበሩ ልብ፣ ልዩ የመቆጣጠሪያ ቁልፍ ገብቶ በጥቂቱ ሲዞር ተመዝዞ ይወጣል፤ ሌላ ልብ በሰከንዶች ውስጥ ይተካበታል። ቁልፍ ሲጠፋ በሩን መፍታት አያስፈልግም። በዩኒቨርሲቲዎችና በመንግሥት ሕንፃዎች ዛሬም በብዛት ይታያል።

አዲስ ቤት ሲሠራ ለግንበኞች የሚሰጠው ቁልፍም የሚገርም ነው። ውስጡ ጥቃቅን የብረት ኳሶች አሉ። የቤቱ ባለቤት የራሱን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገብቶ ሲያዞር፣ ኳሶቹ ወደተዘጋጀላቸው ጉድጓድ ይወድቃሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የግንበኛው ቁልፍ አይሠራም።

ካርድና ሻንጣ

በሆቴሎች ካርድ ብረቱን ቢተካም ችግሩ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፊንላንዱ ኤፍ ሴኪዩር ኩባንያ ሁለት ባለሙያዎች፣ ጊዜው ያለፈበትን ተራ የሆቴል ካርድ ይዘው የሆቴሉን ሁሉ ማስተር ካርድ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ምርምሩን ያስጀመራቸው በ2003 በበርሊን ሆቴል ከባልደረባቸው ክፍል ላፕቶፕ ተሰርቆ፣ በሩ የመሰበር ምልክት ሳይታይበት መቅረቱ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ሰው ሻንጣ ላይም ማስተር ቁልፍ አለ። የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች ሳይሰብሩ እንዲከፍቱት፣ የቲኤስኤ ምልክት ያለው ቁልፍ በሙሉ በጥቂት ማስተሮች ይከፈታል። የእነዚህ ማስተሮች ፎቶግራፍ በ2014 በዋሽንግተን ፖስት ላይ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ከፎቶግራፉ ተነስተው በማተሚያ መሣሪያ የሚሠሩባቸው ቅጾች ተሰራጩ። የሕንፃ ማስተር ሲጠፋ በሮቹ ይቀየራሉ፤ በዓለም የተበተነውን የሻንጣ ቁልፍ ግን ማን ሰብስቦ ይቀይረዋል? ስለዚህ ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብና ሰነድ ከእጅ ሻንጣ ባይለይ ይመረጣል።

ተከራይ ምን ያድርግ?

ማስተር ቁልፍ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እሳት ሲነሳ ወይም ውኃ ሲያጥለቀልቅ በር ከመስበር ያድናል። ዋናው ቁም ነገር ማን እንደያዘውና መቼ እንደሚጠቀምበት ነው። በዚህ በኩል ሕጉ ከተከራዩ ጋር ነው። በካሊፎርኒያ አከራይ ከአደጋ በስተቀር ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ በቂ ተብሎ የሚገመተውም የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ለተራ ጉዳይ የሁለት ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። በቴክሳስ ደግሞ አዲስ ተከራይ በገባ በሰባት ቀን ውስጥ የበሩ ቁልፍ ልክ መለወጥ አለበት፤ ወጪውም የአከራዩ ነው።

በቁልፉ ላይ "አይባዛም" ተብሎ የተቀረጸው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አያድንም፤ አብዛኛው ቁልፍ ቀራጭ አይቶ ያልፈዋል። በእርግጥ የሚያግደው ጥሬው ቁልፍ በፈጠራ መብት ሲጠበቅና ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ሲሸጥ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቤት የሚከራይ ሰው፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ መልካም ነው። ካለፈው ተከራይ ወዲህ የበሩ ልክ ተለውጧል? ማስተሩን የያዙት ስንት ሰዎች ናቸው? ቢጠፋስ በሮቹ ይቀየራሉ? ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ ሰንሰለት ወይም መቀርቀሪያ ቢያስፈቅድና ቢያስገባ፣ ማስተሩ የማይደርስበት አንድ ነገር ይኖረዋል ማለት ነው።