የአሲዳማ አፈር ጥያቄ በኖራ ብቻ አይመለስም

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንና በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች አርሶ አደሩ ዓመት ከዓመት የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ማዳበሪያ ገዝቼ ጨመርሁ፣ በወቅቱ ዘራሁ፣ አረምሁ፤ ታዲያ አዝመራው ስለምን ቀጨጨ? ጥያቄው የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከታወቀ ቆይቷል። አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ በኖራ ይታከም።

መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከመልሱ በኋላ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። ኖራውን ማን ያጓጉዘው? የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው ኖራ የሚጨምረው ለማን ብሎ ነው? እህል መዝራቱን ትቶ መሬቱን በዛፍ የሸፈነው ጎረቤትስ ተሳስቷል ወይስ ቀድሞ ነቅቷል? እነዚህን ላቦራቶሪ አይመልሳቸውም። የመጀመሪያው ጥያቄ በባለሙያዎች ስብሰባ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ በየቤቱና በየገበያው ተለያይተው መነሳታቸው በአርሶ አደሩም በከተማው ነዋሪም ላይ ዋጋ እያስከፈለ ነው።

አፈሩ ምን ሆነ?

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ 7 ገለልተኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አሲዳማነቱ በ10 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤቹ 5 የሆነ ማሳ 6 ከሆነው ማሳ በጥቂቱ ብቻ የሚለይ ቢመስልም ልዩነቱ 10 እጥፍ ነው። ቁጥሩ ከ5.5 በታች በሚወርድበት ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ሥሩ አጭርና ደንዳና ይሆንና ውኃም ምግብም መሳብ ይሳነዋል። ከማዳበሪያ የሚገኘው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሰብሉ አያገኘውም። አርሶ አደሩ ገንዘቡን አፈር ውስጥ ቀበረው ማለት ነው።

ምክንያቶቹ በርካታ ናቸው። በደጋማው አካባቢ የሚጥለው ብርቱ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥቦ ይወስዳል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሚውል ከማሳው የወጣው ወደ ማሳው አይመለስም። እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎች ለብዙ ዓመታት ያለ ብስባሽና ያለ ኖራ ሲጨመሩም አሲዳማነቱን ያባብሱታል። በሰፊው በሚጠቀሰው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው።

አርሶ አደሩ ይህን ቁጥር ባያውቅም ምልክቱን ቀድሞ አይቶታል። ባቄላ እምቢ ሲል፣ ገብሱ ሲቀጭጭ፣ ድንች፣ ግብጦና እንግዶ ግን ሲችሉት ተመልክቷል። ምድጃ አመድና የከብት ፍግ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ከዋናው ማሳ ይልቅ ለም መሆኑንም ያውቃል። አመድ አሲዳማነትን የሚቀንስ ነገር በመሆኑ ይህ ትዝብት ከላቦራቶሪው ግኝት ጋር የሚስማማ ነው። ገበሬውና ባለሙያው በተለያየ ቋንቋ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

ኖራው ስለምን በስፋት አልገባም?

በጠንካራ አሲዳማነት ለተጠቃ መሬት በተለምዶ የሚመከረው የግብርና ኖራ መጠን በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይደርሳል። ይህ ማለት ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ነው። ለአንድ ሄክታር የሚጨመረው ማዳበሪያ በጥቂት ኩንታል የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ቤተሰብ በአህያ አመላልሶ ያደርሰዋል። አንድ አህያ በአንድ ጉዞ አንድ ኩንታል ብትሸከም እንኳ አንድ ሄክታር ለማከም እስከ 40 ጉዞ ያስፈልጋል። የኖራ ድንጋይ የሚገኘው እንደ ደጀን ባሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ አሲዳማው መሬት ግን ከዚያ ርቆ፣ መኪና በክረምት በማይገባባቸው ቀበሌዎች ጭምር ይገኛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር መንገዱንም የባለሙያውንም እንቅስቃሴ አክብዶታል።

ሁለተኛው ማነቆ ጊዜ ነው። ኖራ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ሥራውን እንዲጀምር ከዘር በፊት አንድ ወይም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ በእርሻ መገልበጥ አለበት። በሰኔ የሚደርስ ኖራ ለዚያው ዓመት አዝመራ ዘግይቷል።

ሦስተኛው ማነቆ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ እርሱም የመሬት ውል ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ የተጨመረ ኖራ ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል። በእኩል የሚያርሰው ሰው ውል ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ምርት ዘመን ነው። ዛሬ ላቡን አፍስሶ ያከመውን መሬት ነገ ሌላ ሊያርሰው ይችላል። መሬታቸውን በእኩል የሚሰጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አረጋውያን፣ ጉልበት ያጡ ቤተሰቦችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ናቸው፤ ለኖራው የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ ባለመሬቷም አራሹም በየበኩላቸው ተገቢ ምክንያት ይዘው መሬቱ ግን ሳይታከም ይቀራል። እዚህ ላይ የጎደለው የሳይንስ እውቀት ሳይሆን ስምምነት ነው።

አርሶ አደሩ የሰጠው መልስ፦ ዲከረንስ

በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች፣ አርሶ አደሩ የመንግሥትን ኖራ ብቻ ሲጠብቅ አልተቀመጠም። እህል እምቢ ያለውን መሬት ዲከረንስ በሚባለው፣ ከአውስትራሊያ በመጣው የግራር ዘር ሸፈነው። አሠራሩ በብልሃት የተቀመረ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ወይም ከሌላ ሰብል ጋር ይተከላል። በቀጣዮቹ ጊዜያት ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ችግኝ አፍይው፣ ከሰል አክሳዩ፣ ጫኝና አውራጁ ሁሉ ከዚህ ሰንሰለት እንጀራ ያገኛል፤ መሬት የሌለው ወጣትም ሥራ አግኝቶበታል።

ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ የሚሰጥ በመሆኑ የተራቆተውን መሬት ይጠቅማል። ማገዶ በቅርብ ሲገኝ ኩበቱ ለማሳ ሊተርፍ ይችላል፤ የሴቶችና የልጃገረዶች የእንጨት ለቀማ ድካምም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ዲከረንስ የኖራን ቦታ አይተካም። ግንዱ ተቆርጦ በተጫነ ቁጥር ካልሲየምና ማግኒዥየም አብረውት ይሄዳሉ። የከሰል ጭስ የአክሳዩን ሳንባ ይጎዳል። በዛፍ የተሸፈነ መሬት በዚያው መጠን ከእህል ምርት ይወጣልና ገበሬው ራሱ እህል ሸማች ይሆናል።

ዝገቱ ያስተማረው

ባለፉት ዓመታት በአዊ የዲከረንስ ማሳዎች ላይ የዝገት በሽታ ተከስቷል። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ መነሻው እንደ ዛፉ ሁሉ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካም የዲከረንስ ዘመድ በሆነው ጥቁር ግራር ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ታይቷል። ፈንገሱ በነፋስ የሚዛመት ሲሆን ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን አጥቅቶ ዛፉን ያቀጭጫል፤ ችግኝንም ሊያደርቅ ይችላል። በደቡብ አፍሪካ የሚገኙ ትልልቅ የተክል ልማት ድርጅቶች መድኃኒት ይረጫሉ። ሩብ ሄክታር ዛፍ ላለው ገበሬ ግን ይህ መንገድ የሚቻል አይደለም።

እዚህ ላይ የሳይንሱ ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ሰፊ አካባቢን ሲሸፍን አንድ በሽታ ሁሉንም ያገኘዋል። የማኅበራዊው ጉዳይ ትምህርት ግን ከዚህ ይሰፋል። ገበሬው መሬቱን በሙሉ ለዛፍ የሰጠው ስለ በሽታ ስጋት ባለማወቁ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ውድ ነው። በተለይም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ መንግሥት ቢደጉመውም ከውጭ የሚገዛው ማዳበሪያ ጫናው አልቀረለትም። ኖራ ሩቅ ነው፤ ከሰል ግን ገዢው ደጅ ድረስ ይመጣል። ባለሙያው «ስብጥር ትከሉ፣ መሬታችሁንም አከፋፍሉ» ብሎ ሲመክር፣ ገበሬው «በመሸጋገሪያው ዓመታት ልጆቼን ምን ላብላ?» ብሎ ይጠይቃል። ምክሩም ጥያቄውም ትክክል ናቸው። የሚጎድለው ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙበት መድረክ ነው።

ከተማውን ምን አገባው?

ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ የሚመስለው የከተማ ነዋሪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በመጀመሪያ የእህል ዋጋ ይጨምርበታል። በሁለተኛ ደረጃ ቡና የሚያፈላበት ከሰል ይወደድበታል። ዝገቱ ዛፉን ካቀጨጨ፣ ከሰሉም ከዲከረንስ ማሳ ካልመጣ፣ ነጋዴው ፊቱን ወደ ተፈጥሮ ደን ያዞራል፤ ያም ሌላ ጥፋት ነው። የከተማው ነዋሪ በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወይም በኤሌክትሪክ ሲጠቀም በገጠሩ መሬት ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ነገር ግን የከሰል ገበያው በአንድ ጊዜ ቢዘጋ ከእርሱ የሚኖረው የአዊ ቤተሰብ ገቢውን ያጣል። ስለዚህ የከተማው የማገዶ ዕቅድና የገጠሩ የመሬት ዕቅድ አንዱ ሌላውን እያየ መታቀድ ይኖርበታል።

ውይይቱ እንዴት ይሁን?

ውይይት ሥራ ያጓትታል የሚሉ አሉ። አፈሩ በየዓመቱ እየተጎዳ ሳለ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ምን ይረዳል? ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ብዙ ስብሰባ ያለ ውጤት ተበትኗል። ሆኖም አራሽና ባለመሬት ያልተስማሙበት ኖራ ከመጋዘን አይወጣም፤ ያም መጓተት ነው። የሚያስፈልገው ውይይት አጭርና ተጨባጭ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፣ ጊዜው ነው። ኖራ በሚያዝያና በግንቦት ማሳ ላይ መገኘት ካለበት፣ ማን ምን ያህል እንደሚፈልግ፣ በማን መኪናና በማን ጉልበት እንደሚጓጓዝ መወሰን ያለበት በጥርና በየካቲት ነው።

ሁለተኛ፣ የአፈር ምርመራ ውጤት ለባለ ማሳው ሊመለስለት ይገባል። ውጤቱ በወረዳ መዝገብ ብቻ መቅረት የለበትም። በአማርኛም በአዊኛም፣ «የአንተ ማሳ ይህን ያህል ኖራ ይፈልጋል፤ የጎረቤትህ አይፈልግም» ተብሎ ሊነገረው ይገባል። ኖራ ያለ ልክ ሲበዛም እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ከሰብሉ ያርቃልና ለሁሉም አንድ መጠን ማደል ትክክል አይደለም። ሙሉውን መጠን መግዛት ለማይችለው፣ በዘር መስመር ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት የመጨመር ዘዴም መኖሩ ይነገረው።

ሦስተኛ፣ የእኩል ውል ጉዳይ በግልጽ ይነሳ። ኖራ የጨመረ አራሽ ቢያንስ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት እንዲያርስ፣ ወይም ከመሬቱ ቢነሳ ወጪው እንዲታሰብለት በሽማግሌ ፊትና በጽሑፍ መዋዋል ይቻላል። ይህ ውል ባለመሬቷንም ይጠቅማል፤ መሬቷ ታክሞ ይመለስላታልና።

አራተኛ፣ ክርክሩ በማሳ ላይ ይፈታ። አንድ ግማሽ ቃዳ በኖራ፣ አንድ ግማሽ ቃዳ ያለ ኖራ፣ በአንድ ዘርና በአንድ ማዳበሪያ ጎን ለጎን ይዘራ። ሲታጨድ ምርቱን ገበሬዎቹ ራሳቸው ይስፈሩት። ዲከረንስንም በተመለከተ መሬቱን በከፊል ለዛፍ፣ በከፊል ለታከመ እህል የሰጠ ቤተሰብ ምን አገኘ የሚለው በተመሳሳይ መንገድ ይመዘን። እንደ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከልና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት በቅርብ ይገኛሉ፤ ማሳው ላይ ተገኝተው ከገበሬው ጋር ቢለኩ ውጤቱ ከማንኛውም ማስተማሪያ በላይ ይታመናል።

አምስተኛ፣ መድረኩ ላይ የሚገኙት እነማን እንደሆኑ ይታይ። ጠዋት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚጠራ ስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አባወራው ነው። ኩበቱን የምትጠፈጥፈው፣ አመዱን ወዴት እንደምትደፋ የምታውቀው፣ ማገዶውን የምትሸከመው ሴት ግን አትገኝም። ከሰል አክሳዩ መሬት አልባ ወጣትም አይጠራም። እነርሱ የሌሉበት ውሳኔ ጎዶሎ ይሆናል። እድሩና ማኅበሩ ሰው በፈቃዱ የሚሰበሰብባቸው ናቸው፤ ባለሙያው ወደ እነርሱ ቢሄድ ይሻላል።

አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል፤ ምን ያህል ኖራ እንደሚፈልግም ይለካል። ኖራውን ማን እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚከፍልና ትርፉ ለማን እንደሚደርስ ግን የሚወስነው ማኅበረሰቡ ነው። ኖራው የሚበተነው ከዘር በፊት እንደሆነ ሁሉ፣ ይህ ምክክርም ከእርሻ ወቅት ቀድሞ ሊጀመር ይገባል።