ማጥፋትም ዕውቀት ነው

ወጣት አንባብያን፣ ኮምፒዩተር ማስነሣትን ሁላችንም በመጀመሪያው ቀን እንማራለን፤ በሥርዓት ማጥፋትን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስተምረን ጥፋታችን ነው። እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነው። በቤቴ ያለው ሰርቨር ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖችን ያስተናግዳል፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ የየራሳቸው ስርዓተ ክወና ያላቸው ሦስት ኮምፒዩተሮች በሶፍትዌር ተፈጥረው ይሠራሉ ማለት ነው። አንድ ምሽት ሰርቨሩ ቢዘገይብኝ የኃይል ቁልፉን ተጭኜ ይዤ አጠፋሁት። ሲነሣ ሁለቱ ማሽኖች ደኅና ነበሩ፤ የተማሪዎቼን የቤተ ሙከራ ልኬት የያዘው ዳታቤዝ ግን አልከፈትም አለ። የመጨረሻው ቅጂዬ የተወሰደው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን መልቀም እንኳ አልቻልሁም።

የነገሩ ሥር ፊዚክስ ነው። ራም መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን ካፓሲተሮች ላይ በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ሙሉ ቶሎ ስለሚሾልክ በተለምዶ በየ64 ሚሊሰከንዱ ይታደሳል፤ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ስርዓተ ክወና ደግሞ ለፍጥነት ሲል የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ወደ ዲስክ አያወርድም፤ ለጥቂት ጊዜ በራም ያቆየዋል። በቨርቹዋል ማሽን ይህ ማቆያ ይደራረባል፤ እንግዳው ማሽን የራሱ አለው፣ አስተናጋጁም የራሱ። ዳታቤዝ «አሁኑኑ ዲስክ ላይ ይውረድ» ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ እኔ ግን ፍጥነት ፈልጌ አስተናጋጁ ይህን ትእዛዝ ችላ እንዲል አድርጌ ነበር።

ትክክለኛው ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይወሰዳል፤ በዚያው ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ስናፕሾት ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋልና ቅጂ ሊባል አይገባውም። ቀጥሎ በዳታቤዙ የሚገለገሉት ማሽኖች ይዘጋሉ፤ ከዚያ ዳታቤዙ፤ ሁሉም መጥፋታቸው ሲረጋገጥ አስተናጋጁ ዳግም ይነሣል። አነሣሡ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዳታቤዙ ይቀድማል። ፕሮክስሞክስን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ይህን ቅደም ተከተል ራሳቸው ያስፈጽማሉ። ይሁን እንጂ ፕሮክስሞክስ ሌላ ካልታዘዘ አንድን ቨርቹዋል ማሽን የሚጠብቀው 180 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በግድ ያጠፋዋል። ለመዝጋት ጊዜ የሚወስድ ዳታቤዝ ያለው ሰው ቁጥሩን ከፍ ማድረግ አለበት።

«ዘመናዊ የፋይል ሥርዓት ጆርናል ስላለው ራሱን ይጠግናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ጆርናል በአብዛኛው የሚጠብቀው የፋይሉን ሥርዓት አወቃቀር እንጂ ገና ዲስክ ያልደረሰውን ልኬት አይደለም። ዩፒኤስም ቢሆን የሚሰጠን ደቂቃዎችን ነው፤ መብራት መጥፋቱን ለሰርቨሩ ነግሮ በሥርዓት እንዲዘጋ ካላደረገው ጥፋቱን ከማዘግየት አያልፍም።

ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት አገራችን ሰርቨርን በሥርዓት መዝጋትና ማስነሣት እንደ ማንኛውም የቤተ ሙከራ ተግባር ሊሰጥና ሊፈተን ይገባል ባይ ነኝ። እናንተም ፈተናውን ችግር እስኪመጣ አታቆዩት፤ ሥራ በሌለበት ቀን ሰርቨራችሁን አጥፍታችሁ አስነሡ፣ ቅጂውም መከፈቱን እዩ። ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም።