የአንድ ሱቅ ጫጫታ ገበያው አይደለም

በስደት ላባችንን አፍስሰን ያጠራቀምናትን ጥሪት ይዘን ውጭ ምንዛሪ ንግድ ውስጥ የምንገባ ወገኖች ጥቂት አይደለንም። ለመሆኑ ከዋጋው ሥር ‹‹የግብይት መጠን›› ተብለው የሚታዩት ዘንጎች ምንድን ናቸው?

ስፖት የሚባለው የእጅ በእጅ የምንዛሪ ንግድ እንደ አክሲዮን ገበያ ግብይቱ የሚመዘገብበት አንድ ማዕከል የለውም። ደላላው በአብዛኛው የሚያሳየን በራሱ ቤት ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ እንጂ ስንት ዶላር እንደተሸጠ አይደለም። ስዊዘርላንድ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የክፍያዎች ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ባደረገው ጥናት ስፖቱ ብቻ በቀን 2.1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ደላላው ከዚህ የሚያየው ጭልፋ ታህል ነው።

ቁጥሩ ከንቱ ነው አንልም፤ ገበያው መቼ እንደሚሞቅ ይጠቁማል። ‹‹ትልልቆቹ ባንኮች ሲገዙ ከዘንጉ እናነባለን›› እያሉ ትምህርት የሚሸጡልንን ግን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ‹‹የማን ቁጥር ነው?›› ብለን እንጠይቃቸው።